ትርፍ፣ ቢኤስሲ፣ ኦኬአር ወይስ ካይዘን? ለድርጅታችሁ መለኪያ ስትመርጡ

የቤት ዕቃ የሚያመርት ወዳጅ አለኝ። 23 ሠራተኞች አሉት። አንድ ቀን ደወለና "ኬፒአይ የሚሠራልኝ ሰው ፈልግልኝ" አለኝ። የሥራ መለኪያ ቁጥር ማለቱ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና "ሁሉም ጋ አለ እኮ" አለ። በሌላ ቀን ሻይ ልጠጣ ብዬ ወርክሾፑ ሄድኩ። ትዕዛዝ አለ፣ ልጆቹ ይሠራሉ፣ ሽያጩ ደህና ነው። ነገር ግን ወር በደረሰ ቁጥር ደመወዝ ለመክፈል ከሰው ይበደራል። ሰውየውን የቸገረው የኬፒአይ ማጣት አልነበረም። ብሩ የት እንደሚገባ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የትኛውን መለኪያ ልጠቀም የሚለኝን ሰው መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ስለ ድርጅትህ የማታውቀው ምንድነው? ብር ይኑረው አይኑረው የማያውቅ አለ። ብሩን እያወቀ ለምን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ግራ የገባው አለ። እሱ ሁሉን ያውቃል፣ ሠራተኞቹ ግን በየፊናቸው የሚሮጡበት አለ። አንዳንዱ ደግሞ ብሩም መንገዱም ታውቆ፣ ሥራው መሃል ስንት ሰዓትና ስንት ዕቃ በከንቱ እንደሚሄድ ማንም ቆጥሮት አያውቅም። ለመጀመሪያው የሒሳብ መለኪያ፣ ለሁለተኛው ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት ሰሌዳ)፣ ለሦስተኛው ኦኬአር (ግብና ቁልፍ ውጤት)፣ ለአራተኛው ካይዘን (የጃፓኖቹ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት የማሻሻል ዘዴ) ይሆናል። አለቦታው ያስገባችሁት እንደሆነ ቅጽ ከመብዛቱ በቀር የምታገኙት ነገር የለም።

ኬፒአይ የሚባለውን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ። ኬፒአይ ራሱን የቻለ ዘዴ አይደለም፣ የምትከታተሉት ቁጥር ማለት ብቻ ነው። አራቱም ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ብሩ

ለትንሽ ድርጅት እኔ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ያረጀ ሊመስል ይችላል፤ በርግጥም አርጅቷል። ዶናልድሰን ብራውን የሚባል የዱፖንት ኩባንያ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ያወጣው ስሌት ዛሬም የፋይናንስ ተማሪ ሁሉ የሚማረው ነው። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። ከምትሸጡት ከእያንዳንዱ 100 ብር ስንት ይተርፋል? ድርጅቱ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ሀብት በዓመት ስንት ጊዜ ሽያጭ ሆኖ ይዞራል? ሁለቱን አባዙ።

ለምሳሌ የሰፈር ሚኒ ማርኬት ከ100 ብር ሽያጭ 4 ብር ብቻ ያተርፋል እንበል። ሀብቱ ግን በዓመት 5 ጊዜ ይዞራል። 20 በመቶ አስገኘ ማለት ነው። ሶፋ የሚሸጠው ጎረቤቱ ከ100 ብር 20 ብር ያተርፋል፣ በዚህም ይኮራል። ሶፋው ግን መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ይከርማል፤ ሀብቱ በዓመት የሚዞረው 0.8 ጊዜ ነው። 16 በመቶ። በ4 ብር የተናቀው ሚኒ ማርኬት በለጠው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ዋጋ ልጨምር ወይስ የቆመውን ዕቃ በቅናሽ ላውጣ የሚለው ጭቅጭቅ በጣም ያጥራል።

ሁለተኛው ቁጥር ብራችሁ ስንት ቀን እንደሚታሰር የሚነግራችሁ ነው። እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው። ዕቃው መጋዘን 45 ቀን ይቀመጣል። በዱቤ የወሰደው ደንበኛ በ60 ቀኑ ይከፍላል። እናንተ ዕቃ ለሚያቀርብላችሁ ነጋዴ በ20 ቀን ትከፍላላችሁ። 45 እና 60 ሲደመር፣ 20 ሲቀነስ፣ 85 ቀን። በቀን የምትሸጡት ዕቃ መግዣው 20,000 ብር ከሆነ፣ 1.7 ሚሊዮን ብራችሁ ሁልጊዜ ውጭ ነው ያለው። ትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ እዚያ "አትርፋችኋል" ነው የሚላችሁ። የወዳጄ ብር የተገኘው እዚሁ ነው። ሁለት ሆቴሎች አልጋና ቁምሳጥን በዱቤ ወስደው "ነገ ነገ" ይሉታል፣ እሱ ደግሞ ጣውላውን በካሽ ይገዛል። የሒሳብ ሹሙ ይህን ያውቅ ነበር። ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

አሁን ሰው የሚቆጣኝን ነገር ልናገር። ብዙ ባለቤት አተረፍኩ የሚለው ትርፍ አይደለም።

አስቡት። ባለቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል፣ ለራሱ ግን ደመወዝ አይቆርጥም። ሱቁ ያለው የአባቱ ቤት ውስጥ ስለሆነ ኪራይ የለም። 5 ሚሊዮን ብር ከኪሱ አስገብቷል፣ የራሴ ነው ብሎ ምንም አያስብለትም። ዓመቱ ሲዘጋ 900,000 ብር ተረፈኝ ይላል። እሺ። እሱ ቢታመም የሚተካው ሥራ አስኪያጅ በወር 30,000 ብር ቢቀጠር በዓመት 360,000 ይሆናል። ቤቱ በወር 25,000 ቢከራይ 300,000። 5 ሚሊዮኑ ምንም ሳይሠራበት በ7 በመቶ የቁጠባ ሒሳብ ቢቀመጥ 350,000። ድምሩ 1,010,000 ብር ነው። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ 110,000 ብር ከሰረ፤ እሱ ግን ሠርግ ደግሶበታል። ለግብር የምታቀርቡት ሒሳብ ሌላ ነው፣ እሱን ሕጉ እንዳለው አድርጉት። ይሄኛው በራሳችሁ ደብተር ለራሳችሁ ብቻ የምትጽፉት ነው።

የዋጋ ንረቱም ሌላ ወጥመድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያኔ መጋዘኑ ሙሉ የነበረ አስመጪ ሁሉ በወረቀት ላይ ጀግና ነበር። አንድ ካርቶን ሴራሚክ በ800 ገዝቶ በ1,000 ሸጠ። 200 ብር ትርፍ። ከዚያ ላይ 30 በመቶ፣ 60 ብር፣ ግብር ነው። እጁ ላይ 940 ብር ቀረ። ያንኑ ካርቶን መልሶ ልግዛ ሲል ደግሞ 1,050 ሆኗል። "ሽያጫችን በ40 በመቶ አደገ" የሚል ሪፖርት ሲመጣላችሁ ስለዚህ በብር አትዩት። ስንት ካርቶን? ስንት ኩንታል? ስንት ሰው? በፍሬ ቁጠሩት። በብር አድጎ በፍሬ የቀነሰ ድርጅት ሞልቷል።

ለዚህ ሁሉ ሶፍትዌር አያስፈልግም። አርብ ማታ አንድ ወረቀት ላይ አምስት ቁጥር መጻፍ ነው፦ በእጅና በባንክ ያለ፣ ሰው ላይ ያለን፣ እኛ ያለብን፣ መጋዘን ያለ ዕቃ፣ የተያዘ ትዕዛዝ። ከ20 ሰው በታች ከሆናችሁ ከዚህ በላይ ያለውን ለጊዜው ብታልፉት አይቆጨኝም።

ድክመቱስ? የሒሳብ መለኪያ የሚያወራው ስላለፈው ነው። ደንበኛው ተቆጥቶ የሄደው ጥር ላይ ነው፣ እናንተ ቁጥሩ ላይ የምታዩት ሚያዝያ ላይ ነው። ለምን እንደሄደ ደግሞ ጭራሽ አይነግራችሁም።

ቢኤስሲ፣ ስሙ የጠፋው

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ቢኤስሲ ሲባል ፊቱ ይለወጣል፤ እፈርድበታለሁ ማለት አልችልም። መጀመሪያ ቢፒአር (አሠራርን ከሥሩ የመለወጥ ዘዴ) መጣ፣ ከዚያ ቢኤስሲ፣ ከዚያ አንድ ለአምስት፣ ሥልጠናው በሥልጠና ላይ ተደራረበ። እኔ ራሴ ድሮ በሠራሁበት አንድ ቢሮ ኃላፊዬ "ቅጹን ራስህ ሞልተህ አምጣው" አለኝ። ሞላሁ። ለራሴ 87 ሰጠሁ። መልሶ ላከው፦ "ሌሎቹ 94 ናቸው፣ አንተ ለምን ታወዛግባለህ? አስተካክለው።" 94 አደረግኩት። ሁላችንም እጅግ በጣም ጥሩ ሆንን፣ ወረፋው ግን በር ላይ እንደቆመ ነበር።

ይሄ የሐሳቡ ጥፋት አይደለም። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1990 ከ12 ኩባንያዎች ጋር ሲያጠኑ ቆይተው በ1992 ሐሳቡን በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ሲያወጡት ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ሥራ አስኪያጅ የሒሳብ ሪፖርት ብቻ እያየ ድርጅት መምራት ይችላል ወይ? አይችልም አሉ። ከፋይናንሱ ጎን ደንበኛውን፣ የውስጥ አሠራሩንና መማማርና ዕድገቱን አብሮ ይይ አሉ። አራቱ ዕይታዎች የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ሰዎችን በነጥብ ደርድሩ አላሉም፤ ያ በኋላ የመጣ ጣጣ ነው።

ብዙ ሰው አራቱን ሳጥን መሙላት ቢኤስሲ መሥራት ይመስለዋል። ቁም ነገሩ ያለው ሳጥኖቹን በሚያያይዘው ገመድ ላይ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ እንውሰድ። ግምታችሁ እንዲህ ነው እንበል፦ ካርድ ክፍሏን ብናሠለጥናት፣ ታካሚ የሚጠብቅበት ጊዜ ከ50 ደቂቃ ወደ 25 ይወርዳል፤ ጊዜው ከወረደ ታካሚው ቤተሰቡን ይዞ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ገቢው ይጨምራል። አራት ቁጥር፣ አንድ ገመድ። ስድስት ወር ተከታተሉት። ሥልጠናው ተሰጥቶ ደቂቃው ካልወረደ ችግሩ ካርድ ክፍሏ አይደለችም፤ ምናልባት ላብራቶሪው ነው። ደቂቃው ወርዶ ሰው ካልተመለሰ፣ ሰው የሚሸሸው ወረፋውን ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ ምናልባት ዋጋውን፣ ምናልባት የሐኪሙን ፊት። ግምታችሁ ስህተት መሆኑን በስድስት ወር ማወቃችሁ ነው የቢኤስሲ ጥቅም። እኛ ሀገር ግን ግምቱን የሚፈትን ቢኤስሲ ያየሁት ጥቂት ነው። አብዛኛው ክብደት ተሰጥቶት፣ መቶ ላይ ተደምሮ፣ ፋይል ውስጥ ይገባል።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ውድ ነው። ገንዘቡን ሳይሆን ጊዜውን ማለቴ ነው። ቁጥሩን በየወሩ የሚሰበስብ ሰው ይፈልጋል፣ ለዚያውም ለማንም የማያደላ። ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ ካላችሁ፣ ወይም የሽያጭ ክፍሉና የምርት ክፍሉ በየስብሰባው የሚካሰሱ ከሆነ ያዋጣችኋል። 12 ሰው ይዛችሁ ቢኤስሲ የምትሠሩ ከሆነ ግን እባካችሁ ተዉት። መለኪያዎቹም 15 ካለፉ ማንም አያነባቸውም። 40 መለኪያ ያለው ቢኤስሲ አይቻለሁ፤ ያዘጋጀው አማካሪ ራሱ ሲጠየቅ ገጽ እያገላበጠ ነበር የሚመልሰው።

ኦኬአር

ኦኬአር ከሲሊከን ቫሊ የመጣ ስለሆነ ወጣቶቹ ይወዱታል። ያስጀመረው ኢንቴል በሚባለው የኮምፒውተር ቺፕ አምራች የነበረው አንዲ ግሮቭ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ። እዚያ የሠራው ጆን ዶር በ1999 ወደ ጉግል ወሰደው፤ ጉግል ያኔ ገና የአንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በፊትም የአመራር ጸሐፊው ፒተር ድራከር በ1954 በዓላማ ማስተዳደር የሚለውን አምጥቶ ስለነበር ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል።

በየሦስት ወሩ አንድ ወይም ሁለት ግብ ትመርጣላችሁ። ከእያንዳንዱ ግብ ሥር መድረሱን የሚያሳዩ ሦስት አራት ቁልፍ ውጤቶች ትጽፋላችሁ። በሦስት ወሩ መጨረሻ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ትሰጣላችሁ። በቃ።

ከቢኤስሲ ጋር ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ሁልጊዜ የማነሳው ታክሲን ነው። ቢኤስሲ ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ፍሬኑን ያያል። ኦኬአር ወያላው በመስኮት ወጥቶ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" የሚለው ነው። ዘይቱን አይመለከትም። የተሳፈረው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ይወቅ ነው የሚለው።

ሰው የሚሳሳተው ቁልፍ ውጤቱ ላይ ነው። ምግብ የሚያደርስ ድርጅት "ከአሽከርካሪዎች ጋር ሦስት ስብሰባ ማካሄድ" ብሎ ይጽፋል። ይሄ ሥራ እንጂ ውጤት አይደለም። ሦስቱንም ስብሰባ አድርጋችሁ ምግቡ ቀዝቅዞ ሊደርስ ይችላል። "በ45 ደቂቃ ውስጥ የሚደርሰው ትዕዛዝ ከ100 ውስጥ 70 የነበረው 90 እንዲሆን"፣ "የሚሰረዘው ከ12 ወደ 5 እንዲወርድ" ነው የሚባለው። "ማሳደግ"፣ "ማጠናከር"፣ "ማጎልበት" የሚሉ ቃላት ካያችሁ አጥፏቸው። ቁጥር ጽፋችሁ ጨርሱ።

እኛ ጋ ሲመጣ የሚገጥመው ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ጉግል ውስጥ 0.7 ጥሩ ነጥብ ነው፤ ሁልጊዜ 1 የሚያገኝ ሰው ግቡን ዝቅ አድርጎ ነው የጻፈው ይባላል። እኛ ደግሞ 70 ያመጣን ልጅ "30ውን የት ጣልከው?" ተብለን ያደግን ነን። አለቃው 0.7 ሲያይ ከተቆጣ፣ በሚቀጥለው ሦስት ወር ሠራተኛው ተኝቶ የሚያሳካውን ግብ ይዞ ይመጣል። ይህን የማትችሉ ከሆነ፣ ማለትም ግቡን ያልመታ ሰው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ምክንያቱን ሲያስረዳ በትዕግሥት መስማት ካልቻላችሁ፣ ኦኬአር አትጀምሩ። ከቢኤስሲም የባሰ ቴአትር ይሆናል።

አንድ የምወድለት ነገር ግን አለ። ዶላሩ፣ መብራቱ፣ መንገዱ ሲቀያየር የዓመት ዕቅድ ኅዳር ላይ ተረት ሆኖ ያድራል። በሦስት ወር መቁረጡ ለእኛ ሁኔታ ይመቻል። ሶፍትዌር ለሚሠሩ፣ አዲስ አገልግሎት ለሚጀምሩ፣ ፕሮጀክት ለሚያካሂዱ ድርጅቶች ከአራቱ ውስጥ እሱን አስቀድማለሁ። ለዳቦ ቤት ግን አይሆንም። ዳቦ በየሦስት ወሩ አዲስ ግብ አይፈልግም፣ በየቀኑ ያው ጥሩ ዳቦ መሆን ነው የሚፈልገው።

ካይዘን

ስለ ዳቦ ቤቱ ካነሳን ወደ ካይዘን እንምጣ። ይሄኛው ከኢትዮጵያ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዮኮሃማ ከተካሄደው የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ በኋላ በጊዜው የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን እንድታግዝ ጠየቁ። ከ2009 እስከ 2011 ከጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር በ30 ፋብሪካዎች ላይ ተሞከረ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱ "ማ"ዎችን ብዙ የፋብሪካ ሠራተኛ በቃሉ ይዟቸዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ።

ካይዘን ለአለቃ ሪፖርት የሚሆን መለኪያ አይደለም። መሬት ላይ፣ ማሽኑ አጠገብ፣ ሠራተኛው ራሱ የሚቆጥረው ነው፤ ደቂቃ፣ እርምጃ፣ የተበላሸ ፍሬ። ወዳጄ ወርክሾፕ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳይ ልጆቹ ብሎን፣ ሜትር፣ ድሪል ፍለጋ ይዞራሉ። "ሜትሩን ማን ወሰደው?" ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል። ቆጠርነው። 12 ሰው በቀን በአማካይ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በቀን 4 ሰዓት ነው። በወር 26 ቀን ቢሠራ 104 ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ሰው 13 የሥራ ቀን ለፍለጋ ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ኮምፖርሳቶ ተሰቀለ፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቀለም ተሳለበት፣ የጎደለው ከሩቅ ይታያል። ከዚህ የረከሰ ማሻሻያ ሠርቼ አላውቅም።

ከካይዘን ጀርባ ያለው አስተሳሰብ ከቢሮው ቢኤስሲ ጋር ፊትና ጀርባ ነው። ጃፓኖቹን እ.ኤ.አ. በ1950 ሄዶ ስለ ጥራት ያስተማራቸው አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ፣ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከአሠራሩ እንጂ ከሠራተኛው አይደለም ባይ ነበር። ሰውን በዓመት አንዴ ነጥብ ሰጥቶ መደርደሩን ከአመራር ገዳይ በሽታዎች መካከል ነው የቆጠረው። "የማይለካ ነገር አይመራም" የሚለውን ደግሞ ዋጋ የሚያስከፍል ተረት ብሎታል፤ የሚገርመው ይህንኑ አባባል ብዙ ሰው የእሱ አድርጎ ይጠቅሰዋል።

የካይዘን ደካማ ጎን ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚደረግ ጽዳት ይሆናል። ወለሉ ቢጫ መስመር ይቀባል፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ግራፍ ግን የዛሬ ዓመት ነው። አራቱን "ማ" ያለፈ ድርጅት "ማዝለቅ" ላይ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ገበያው የማይፈልገውን ዕቃ ያለ ብክነት እንድትሠሩ ሊያደርጋችሁ ይችላል። ዕቃው ይሸጣል ወይ የሚለውን አይጠይቅም። ለዚያ ወደ አርቡ ወረቀት መመለስ ነው።

ቦነስን ከቁጥር ጋር ስታያይዙ

የትኛውንም ምረጡ፣ እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ።

ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ እያንዳንዱ ደንበኛ ቤተሰብ ስምንት የባንኩ አገልግሎት እንዲኖረው ግብ አስቀመጠ። የቅርንጫፍ ሠራተኛው በዚያ ይለካል፣ በዚያ ይቆጡታል፣ በዚያ ይሸለማል። ሠራተኛው ምን አደረገ? ደንበኛው ሳያውቅ አካውንት ከፈተለት። እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 ነገሩ ሲወጣ 2 ሚሊዮን ገደማ አካውንቶችና ካርዶች ሳይፈቀዱ ሳይከፈቱ አልቀሩም ተባለ። 5,300 ያህል ሠራተኞች ተባረዋል፣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ በ2020 ደግሞ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ግራፉ በነዚያ ዓመታት በጣም ያምር ነበር።

እኛ ደግሞ ባንክ የሚሠራ ዘመድ ያለን ሰዎች ሰኔን እናውቀዋለን። "እባክህ ያለህን ብር እኛ ጋ አምጣው፣ ሐምሌ ሲገባ ታወጣዋለህ።" ሰኔ 30 ተቀማጩ ያብጣል፣ ሐምሌ 5 ይሟሽሻል። ዘመዴ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ይህንን ነው የሚለኩት። ቻርልስ ጉድሃርት የተባለው እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ነገር ዛሬ በስሙ ሕግ ሆኖ ይጠራል፦ መለኪያው ዒላማ ሲሆን መለኪያነቱ ያበቃል።

እኔ የምመክረው፣ አንድን ቁጥር ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳትሸልሙበትና ሳትቀጡበት ተከታተሉት። ከዚያ በኋላም ጥንድ አድርጋችሁ ያዙት። ሽያጭ ከለካችሁ የተሰበሰበውን ብር አብራችሁ ለኩ፤ አለዚያ የሽያጭ ሠራተኛው ለማንም በዱቤ ይረጨዋል። ፍጥነት ከለካችሁ ተመላሹን አብራችሁ ለኩ። ሥራው ሲበላሽ ደግሞ መጀመሪያ ቁጥሩን የሚሞላው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ራሱን የሚለካ ሰው 94 ነው የሚሰጠው። እኔም ሰጥቻለሁ።

ታዲያ የትኛውን?

ሱቅ፣ ሚኒ ማርኬት፣ ምግብ ቤት፣ አነስተኛ አስመጪ ከሆናችሁ የአርቡ ወረቀትና የታሰረው ብር ቀን ይበቃችኋል፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ማምረቻ ከሆናችሁ የአርቡን ወረቀት ከካይዘን ጋር፣ ለዚያውም አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ጀምሩ፤ ግቢውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አትንኩት። ሦስት አራት ቅርንጫፍ ያለው ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወደ ቢኤስሲ ይሂድ፣ ግን ገመዱን አንድ ገጽ ላይ ሥሉትና ለሰው ነጥብ አትስጡበት። በግብረ ሰናይ ድርጅትም ቢሆን ቢኤስሲው ይሠራል፤ ፋይናንሱን ከታች፣ ተገልጋዩን ከላይ አድርጋችሁ ገልብጡት። አዲስ ነገር የምትሞክሩ ልጆች ኦኬአር ያዙ፣ ባንክ ያለው ብር ስንት ወር እንደሚያቆያችሁ ግን ከኦኬአሩ በላይ በትልቁ ጻፉት።

ከአራቱ ሁለቱን ማዳቀል ይቻላል ወይ ለሚለኝ፣ ይቻላል። ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ያደርጉታል። ሁለቱንም በአንድ ዓመት መጀመር ግን አይቻልም። ሠራተኛው ይሰለቻል፣ ከዚያ ሦስተኛውን ስታመጡ ሁሉም በሆዱ ይስቃል።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ሐምሌ 1 እንጀምር ይላል፣ የበጀት ዓመቱ ስለሆነ። አትጀምሩ። ሐምሌ ላይ ቆጠራ አለ፣ የሒሳብ ሹሙ መዝገብ ይዘጋል፣ ከዚያ እስከ ጥቅምት 30 የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ጭንቅላቱ ግብር ላይ ነው። አዲስ ቅጽ ብታመጡለት ባዶውን ይመልስላችኋል። ኅዳር ጥሩ ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ምንም ግብ ሳታስቀምጡ ቁጥሩን ብቻ ሰብስቡ፣ የካቲት ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ወዳጄም ኅዳር ላይ ነው የጀመረው። እስካሁን ኬፒአይ የሚባል ነገር የለውም፣ ግድግዳው ላይ ድሪሎቹ ተሰቅለዋል፣ ከሁለቱ ሆቴሎች አንደኛው ከፍሏል። ሁለተኛው አሁንም "ነገ" ይላል።